የአውቶቡስ ካርድ የሚወድቀው በኔትወርክ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። የአዲስ አበባ የሕዝብ ትራንስፖርት ክፍያ ዳግም በሚሞላ ስማርት ካርድ ይሁን የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ሲሆን፣ ቢያንስ ሦስት ወዳጆቼ «አንተ ስትለው የኖርከውን ሁሉ አፍርሶታል» እያሉ ልከውልኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስድብ አይወዱም፣ ምሳሌ ይጠቅሳሉ፣ ለተሳፋሪው ማሰባቸውም ከየአንቀጹ ይታያል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፉ ተገቢ አልመሰለኝም። ነገር ግን አብዛኞቹ ነጥቦቻቸው ስሕተት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ አንደኛው ነጥብ ደግሞ ራሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ወደተሳሳተ መደምደሚያ ወስዷቸዋል።

በቅድሚያ ያሉትን በራሳቸው አካሄድ ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ክርክራቸው ኔትወርክና መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ካርድ አውቶቡስን ያቆማል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቴሌብርን የመሰለ የሞባይል ገንዘብ ባለበት ዘመን ካርድ ማሳተም ያለፈበት ቴክኖሎጂ መግዛት ነው ይላል። ሦስተኛው፣ ካርድ ድሃውን፣ አረጋዊውንና ከገጠር አዲስ የመጣውን ከአውቶቡሱ በር ይመልሳል፣ ጥሬ ገንዘብ ግን የሁሉም ነው ይላል። አራተኛው የናይሮቢን ውድቀት ያነሳል፦ ኬንያ ሞክራ ያልሆነላትን እኛ በምን ተአምር እናሳካዋለን? አምስተኛው ካርዱ በሌቦች ይሰበራል፣ ይባዛል የሚል ሲሆን፣ ስድስተኛው የሰውን ውሎ እየመዘገበ ዜጋውን መከታተያ ይሆናል የሚል ነው። በመጨረሻም በአንድ አጭር አንቀጽ፣ ትኬት ቆራጮችና የታክሲ ረዳቶች እንጀራቸውን ያጣሉ ብለው ይዘጋሉ። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ፤ የናይሮቢን ብቻ ከሁሉም የሚከብድ ስለሆነ ወደ መጨረሻ አስተላልፌዋለሁ።

ከኔትወርኩ ልጀምር። ጸሐፊው ይህን ካርድ የሚያዩት እንደ ኤቲኤም ካርድ ነው፦ ተሳፋሪው ካርዱን ሲያስጠጋ ማሽኑ ባንኩን ይጠይቃል፣ ባንኩ ሂሳቡን አይቶ ይመልሳል፣ ተሳፋሪው ይገባል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ክርክራቸው ልክ ነበር፤ አውቶቡሱ ከመገናኛ ሳይነሳ ይመሽ ነበር። ለትራንስፖርት የተሠራው የሚሞላ ካርድ ግን ከመነሻው የተነደፈው ይህን ጥያቄና መልስ ለማስቀረት ነው። ገንዘቡ፣ በትክክል ለመናገር የገንዘቡ መዝገብ፣ የተጻፈው በካርዱ ውስጥ በተቀበረችው ቺፕ ላይ ነው። ካርዱ ባትሪ የለውም። ማንበቢያው በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ በካርዱ ውስጥ በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ ቺፗ በዚያች ኃይል ነቅታ ከማንበቢያው ጋር የምስጢር ቁልፍ ታመሳክራለች፣ ታሪፉን ከቀሪዋ ላይ ትቀንሳለች፣ አዲሱን ቀሪ ትጽፍና መልሳ ትተኛለች። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። የሚነጋገሩት ካርዱና በሩ አጠገብ ያለው ማሽን ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛ ወገን የለበትም። ማሽኑም ኃይል የሚያገኘው ከአውቶቡሱ ባትሪ ስለሆነ የሰፈሩ መብራት ሄደም መጣም አይመለከተውም።

ታዲያ ማዕከሉ የቀኑን ሂሳብ መቼ ያውቃል? ማታ። የለንደኑ ኦይስተር ካርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ሲቀርብ አውቶቡሶቹ የቀኑን መዝገብ የሚያራግፉት ጋራዥ ሲገቡ ነበር፤ እግረ መንገዳቸውንም የጠፉና የታገዱ ካርዶችን ዝርዝር ተቀብለው በማግስቱ ይወጣሉ። የሆንግ ኮንጉ ኦክቶፐስ ደግሞ ከዚያ በስድስት ዓመት ይቀድማል፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1997 ነው። በዚያን ጊዜ የዛሬውን ዓይነት የሞባይል ኢንተርኔት በየአውቶቡሱ መግጠም የማይታሰብ ነበር። እነዚህ ካርዶች የተወለዱት በደካማ ኔትወርክ ዘመን ነው፤ ጠባያቸውም የዚያን ዘመን ችግር የያዘ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ኔትወርክ መቆራረጡ ለእኔ በካርዱ ላይ የሚቀርብ ክስ አይደለም፤ ለካርዱ የሚቀርብ ምስክር ነው።

ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። ገንዘቡ ካርዱ ላይ በመሆኑ ምክንያት በኢንተርኔት የተሞላ ሂሳብ ወዲያው ካርዱ ላይ አይደርስም፤ ለንደን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሰው ቤቱ ሆኖ ከሞላ በኋላ በማግስቱ ራሱ በመረጠው ጣቢያ ካርዱን አስጠግቶ «ገንዘቡን መቀበል» ነበረበት። ከዚህ የባሰም ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 በአንድ የተሳሳተ የመረጃ ሰንጠረዥ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኦይስተር ካርዶች ተበላሽተው መለወጥ ግድ ሆኗል። ነገር ግን በዚያ ቀን የተደረገውን ልብ ይሏል፦ በሮቹ ተከፈቱ፣ ሕዝቡም ሳይከፍል ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥቃት ደርሶበት አንዳንድ አገልግሎቶቹን ለሳምንታት ሲዘጋም ባቡሩና አውቶቡሱ አልቆሙም፤ ካርድ ያለው ሰው ካርዱን እያስጠጋ መሄዱን ቀጥሏል። ሥርዓቱ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ድርጅቱ እንጂ ተሳፋሪው እንዳይሆን ማድረግ የደንብ ጉዳይ ነው፤ ደንቡን አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ስልኩ እንለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ይጋጫሉ። በአንደኛው ነጥብ ኔትወርክ የለንም ብለው፣ በሁለተኛው ከኔትወርክ ውጭ የማይንቀሳቀሰውን መፍትሔ ያቀርባሉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብዙ ነገር እንዳቀለለ አልክድም፤ የቤት ኪራይ የምከፍለው በእርሱ ነው። የአውቶቡስ በር ግን የቤት ኪራይ አይደለም። ጠዋት ሜክሲኮ ላይ 60 ሰው ተሰልፎ አንድ አውቶቡስ ይመጣል እንበል። እያንዳንዱ ሰው ስልኩን አውጥቶ፣ መተግበሪያውን ከፍቶ ወይም *127# ደውሎ፣ የምስጢር ቁጥሩን አስገብቶ፣ የማረጋገጫ መልእክቱን ለትኬት ቆራጩ እስኪያሳይ ድረስ 20 ሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል ብለን በልግስና ብናሰላ እንኳ፣ የሰልፉ ሁሉ ድምር 20 ደቂቃ ነው። በካርድ ሰው በየሁለት ሰከንዱ ቢገባ ሁለት ደቂቃ። አውቶቡስ በየፌርማታው የሚያባክነው ጊዜ ተደማምሮ አንድ ምልልስ ያስቀራል፤ የቀረ ምልልስ ማለት ደግሞ ያለ ተጨማሪ አውቶቡስ ሊገኝ የሚችል አገልግሎት ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ስልኩ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ጸሐፊው «ሠለጠነ የተባለው ዓለም ካርዱን እየተወ ነው» ያሉት ግማሽ እውነት አለው። ለንደን ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በአውቶቡስ፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በምድር ውስጥ ባቡር የባንክ ካርድ በቀጥታ መቀበል ጀምራለች፤ ብዙ ተሳፋሪም ወደዚያ ሄዷል። ነገር ግን ኦይስተር አልተሰረዘም፤ የባንክ ካርድ የሌላቸው፣ ልጆች፣ ቅናሽ የተፈቀደላቸው ሰዎች ይዘውት ይጓዛሉ። በሌላ አነጋገር የሚሞላው ካርድ እዚያ የቀረው ባንክ ላልደረሰለት ሰው ነው። እኛ አገር ይህ ሰው ጥቂት አይደለም። ስልኩን ካርዱን መሙያ እናድርገው ቢባል እስማማለሁ፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በሞባይል ገንዘብ ይሙላ፣ በሩ ላይ ግን ካርዱን ያስጠጋ።

ሦስተኛው ክርክር ልብ የሚነካው ነው፤ ድሃው። ጥሬ ገንዘብ የሁሉም ነው ሲሉ ግን ጸሐፊው በታክሲ የሚሄዱ አልመሰለኝም። እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ። ረዳቱ ዝርዝር የለኝም ብሎ አንዲት የብር ኖት ለሦስት ሰው ይሰጥና «ተካፈሉ» ይላል፤ ሦስታችን፣ የማንተዋወቅ ሰዎች፣ ወርደን ሱቅ ለሱቅ ዝርዝር እንለምናለን። ባለሱቁ ማስቲካ ካልገዛችሁ ይላል። ከመካከላችን ሥራ የረፈደበት ሰው «በቃ ተዉት» ብሎ ይሄዳል፤ ትቶ የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ገንዘብ የማያስፈልገው ሰው አይደለም። አንድ ቀን ከእኔ ጋር እንድትካፈል የተባለች የጽዳት ሠራተኛ መልሷን ለማግኘት ሁለት ሱቅ ዞራ፣ በመጨረሻ በእኔ ድርሻ ላይ ሁለት ብር ጨምራ ሰጠችኝ፤ ከእኔ ጋር መከራከር አፍራ። በጥሬ ገንዘብ ሥርዓት ውስጥ የጠፋችው መልስ በየቀኑ የምትሰበሰብ፣ ማንም የማይመዘግባት ግብር ናት። ካርድ መልስ አይሰጥም፣ መልስም አያስቀርም፤ ታሪፉ ስንት ሳንቲም ቢኖረው ያንኑ ይቀንሳል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ማስላት መቻሉ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር የሚያስከፍል የወረቀት ትኬት ነበረው። ትኬቱ ከባቡሩ ወርዶ አውቶቡስ ለሚሳፈር ሰው ምንም አይጠቅመውም፤ እንደገና ከዜሮ ይከፍላል። ከየካ አባዶ ተነስቶ መርካቶ የሚውል ተሸካሚ፣ ከኮዬ ፈጬ ተነስታ ቦሌ ቤት የምታጸዳ ሴት፣ በአንድ ጉዞ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሳፈራሉ፤ በየጊዜውም የመነሻ ታሪፍ ይከፍላሉ። ከከተማው ዳር የሚኖረው ደግሞ በአብዛኛው ድሃው ነው። ሰውየው ከግማሽ ሰዓት በፊት ሌላ አውቶቡስ ላይ መሆኑን ብር አያስታውስም፤ ካርድ ያስታውሳል። ሴኡል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2004 ቲመኒ በተባለው ካርድ አውቶቡሱንና ባቡሩን አንድ ታሪፍ ስታደርግ ተሳፋሪው የሚከፍለው በተሳፈረበት ብዛት ሳይሆን በተጓዘው ርቀት ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ማንበቢያዎቹ ተበላሽተው ከተማዋ እንደተቸገረች መጨመር አለብኝ፤ ሥርዓቱ ግን ዛሬ ድረስ እየሠራ ነው። ለንደን ከ2005 ጀምሮ የዕለት ጣሪያ አላት፤ ሰው ከዚያ በላይ የፈለገውን ያህል ቢጓዝ ካርዱ አይቀንስበትም። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ሲለውጥ በድጋሚ አይከፍልም። ይህን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ማድረግ ይከብዳል፤ ማንም አድርጎትም አላየሁም።

አሁን ለጸሐፊው ሙሉ በሙሉ የምለቀው ነገር አለ። ካርድ የሌለው ሰው የሚቀጣበት ሥርዓት ፍትሐዊ አይደለም። ለንደን በ2014 የአውቶቡስ ጥሬ ገንዘብን ከማስቀረቷ በፊት በካርድ 1.45 ፓውንድ የነበረውን ጉዞ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው 2.40 ፓውንድ ታስከፍል ነበር፤ ይህን እዚህ መቅዳት ነውር ይሆናል። የካርዱ ዋጋ ራሱ ለአንድ የቀን ሠራተኛ የሁለት ቀን ትራንስፖርት ከሆነም ሐሳቡ ገና ከበሩ ሞቷል፤ መጀመሪያ የሚሰጠው ካርድ በነጻ ወይም ሲመልሱት በሚመለስ መያዣ መሆን አለበት። ነገር ግን ካርድ ይኑር ማለት ብር ይታገድ ማለት አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ስማርትሪፕን ያውቃል፤ ከ1999 ጀምሮ የኖረች ካርድ ናት። ባቡሩ በ2025 የባንክ ካርድ መቀበል እስኪጀምር ድረስ ለዓመታት ያለ እርሷ አያስገባም ነበር፤ አውቶቡሱ ግን ሳጥን ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ለሚጨምር ሰው በሩን አልዘጋም፤ መልስ አይሰጥም እንጂ። ሂሳብ ስላለቀበት ሰውም ቢሆን ታስቦበታል፦ ኦክቶፐስ ቀሪው ከዜሮ በታች እንዲወርድ ይፈቅዳል፤ ለንደንም ጥሬ ገንዘብ ባስቀረችበት ዓመት ሂሳቡ ያለቀበት ሰው አንድ የአውቶቡስ ጉዞ በዱቤ እንዲሄድ ፈቅዳለች። ማታ በሦስት ሰዓት ሂሳቧ ያለቀባት ልጅ መንገድ ላይ እንዳትቀር ነው። ኪሷ ባዶ የሆነ ልጅ ዛሬ እኛ ዘንድ ይህ ዱቤ የላትም።

አረጋውያን አይችሉትም የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የሞባይል ካርድ ለጎረቤት ልጅ አስፍቀው እየሞሉ ለዓመታት ኖረዋል። ያን ረጅም ቁጥር ከማስገባት አንድ ካርድ ማሽን ላይ ማስጠጋት ይቀላል።

አምስተኛውን፣ የመባዛቱን ጉዳይ፣ ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰውታል፤ ታሪኩን ግን ከመካከሉ አቁመውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦይስተርን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ብዙ ካርዶች ይጠቀሙበት የነበረውን ማይፌር ክላሲክ የተባለ ቺፕ ሰብረዋል። አምራቹ ድርጅት ጥናቱ እንዳይታተም ፍርድ ቤት ቢሄድም ተሸንፏል። ቀጥሎ የሆነው ግን ይህ ነው፦ ለንደን ወደ ጠንካራው ማይፌር ደስፋየር ተሻገረች። ከዚያም በላይ፣ ሌባ በካርዱ ላይ ቀሪውን ቢለውጥ ማዕከሉ ማታ የራሱን መዝገብ ሲያመሳክር ያልተሞላ ገንዘብ ያወጣውን ካርድ ያገኘዋል፤ በማግስቱ ያግደዋል። የአንድ ቀን የአውቶቡስ ታሪፍ ለመስረቅ ይህን ሁሉ የሚደክም ሰው ካለ ሌላ ሥራ ብንሰጠው ይሻላል። ለእኛ የሚቀረው ትምህርት አንድ ነው፦ ርካሹንና የተሰበረውን ቺፕ አለመግዛት። ጨረታ የሚያወጣው አካል ይህን በውል ውስጥ ካልጻፈ የጸሐፊው ስጋት ይመለሳል።

ስድስተኛው፣ ክትትሉ፣ ከሁሉም ነጥቦቻቸው የማከብረው ነው። ስጋቱ የምናብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የኦክቶፐስ ድርጅት ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞቹን የግል መረጃ ለንግድ ድርጅቶች ሸጦ 44 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ማግኘቱን አምኗል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚዋም ሥልጣናቸውን ለቀዋል። ከላይ በጠቀስኩት የለንደኑ ጥቃትም አውቶቡሱ አልቆመም እንጂ የኦይስተር ገንዘብ ተመላሽ የጠየቁ 5,000 ያህል ሰዎች የባንክ ሂሳብ ቁጥር ለአጥቂዎቹ ተጋልጦ ሊሆን እንደሚችል መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ መረጃ መሰብሰብ ጉዳት የለውም አልልም። የምለው፣ ካርዱ ስም እንዲኖረው የሚያስገድድ ምንም ቴክኒካዊ ምክንያት የለም ነው። ተራው የኦክቶፐስ ካርድ ስም የለውም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት ራቭ ካቭ ከአንድ በላይ ዓይነት አለው፤ ፎቶና ስም ያለበት አለ፣ ማንም ገዝቶ ማንነቱን ሳይናገር የሚጠቀምበትም አለ። ስም የሌለው ካርድ የአረጋውያንና የተማሪ ቅናሽ አያሰጥም፣ ቢጠፋም ገንዘቡ አይመለስም፤ ምርጫው ግን የተሳፋሪው ነው። ስልክ ግን ይህን ምርጫ አይሰጥም። ጸሐፊው ከካርድ ይሻላል ያሉት የሞባይል ገንዘብ በስም፣ በስልክ ቁጥርና በመታወቂያ የተመዘገበ ነው፤ ክትትልን የሚፈራ ሰው ስም የለሹን ካርድ ትቶ ወደ ስልኩ የሚሮጥበት ምክንያት አይገባኝም።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ቢያነሱት ግን ይረቱኝ የነበረ አንድ ነገር ልጨምርላቸው። ሰው አስቀድሞ የሞላው ገንዘብ እስኪጓዝበት ድረስ በማን እጅ ይቆያል? ለንደን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ባልተነኩ የኦይስተር ካርዶች ላይ የተረሳው ገንዘብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ደርሷል። በመሳቢያ ውስጥ፣ በአሮጌ ኮት ኪስ ውስጥ የተረሱ ካርዶች ድምር ነው። ይህ ገንዘብ የተሳፋሪው እንጂ የድርጅቱ ገቢ አይደለም፤ በተለየ ሂሳብ ካልተቀመጠ፣ ሲጠየቅም ካልተመለሰ፣ ካርዱ ያለ ወለድ ከድሃ የሚወሰድ ብድር ይሆናል።

የሥራውን ጉዳይ ላለባብሰው አልፈልግም። ካርድ ሲገባ ትኬት ቆራጭ ይቀንሳል፤ ኪጋሊ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ካርድ የሚሞሉ፣ ተቆጣጣሪ የሚሆኑ ይኖራሉ፤ ቁጥሩ ግን እኩል አይሆንም። ይህን ለመካስ ምን ይደረግ የሚለውን ጥያቄ ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ከሚያልፉት ይልቅ ጽሑፉን በሙሉ ቢሰጡት ኖሮ እኔም ምላሽ ሳይሆን ድጋፍ እጽፍ ነበር።

አሁን ናይሮቢ። ጸሐፊው የጠቀሱት እውነት ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግልና ኢኩይቲ ባንክ ቤባፔይ የተባለ ካርድ ማታቱ ለሚባሉት የኬንያ ሚኒባሶች ተሳፋሪዎች አቀረቡ፤ መንግሥትም ማታቱዎች ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ እንዳይቀበሉ አዘዘ። ቀኑ ተራዘመ፤ እንደገና ደረሰ፤ ማንም አላከበረውም። ቤባፔይ በ2015 ተዘጋ። ከዚህ ተነስተው «ቴክኖሎጂው ለአፍሪካ ከተማ አይሆንም» ይላሉ። ግን እስቲ ይታሰብ፦ ይህ የሆነው ኤምፔሳ ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት፣ የጎዳና ላይ ቲማቲም ሻጭ ሳይቀር በስልክ ገንዘብ በሚቀበልበት አገር ነው። የናይሮቢ ሕዝብ ከኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ጋር ከማንም በላይ የተላመደ ነበር። ችግሩ ቴክኖሎጂ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚሳካው እዚያ ነበር።

የከለከለው ሌላ ነው። የማታቱ ሾፌርና ረዳት የወር ደመወዝ የላቸውም። ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገንዘብ ያስገባሉ፤ ነዳጁን ይሞላሉ፤ የተረፈው የእነርሱ ነው። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ሾፌር ይህን ሲያነብ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እኛ «ገቢ» የምንለው ነው። በዚህ ስምምነት ውስጥ ያለ ሰው ማታ እጁ የሚገባው ብር ሕይወቱ ነው። ካርድ መጣ ማለት ታሪፉ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሂሳብ ገባ፣ ባለቤቱም በቀን ስንት ሰው እንደተሳፈረ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ ማለት ነው። ሾፌሩ የነዳጁን ከየት ያውጣ? ዝናብ ሲዘንብ፣ ማታ ሰልፍ ሲበዛ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቀውስ? መንገድ ላይ ለሚያስቆመው ፖሊስ በካርድ አይከፍልም። ከሾፌርና ከረዳት አንፃር ካርዱን እምቢ ማለት አለማወቅ አልነበረም፤ በትክክል የተሰላ ነገር ነበር። በዚያ ላይ እርስ በርስ የማይናበቡ የየድርጅቱ ካርዶች ስለነበሩ ተሳፋሪው በአንዱ መስመር የሚሠራው ካርድ በሌላው አልሠራለትም።

ጸሐፊው ከናይሮቢ አንድ በረራ ርቃ ያለችውን ኪጋሊን ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ገረመኝ። ሩዋንዳ በ2013 የከተማዋን መስመሮች በቀጠና ከፍላ በጨረታ ለጥቂት ኩባንያዎች ሰጠች፤ ታፕ ኤንድ ጎ የተባለው ካርድ ከዚያ በኋላ፣ በ2015 መገባደጃ አካባቢ መጣ። ቅደም ተከተሉ ነው ወሳኙ። ካርዱ ሲገባ ታሪፉ የሚገባበት አንድ ካዝና፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሾፌር አስቀድሞ ነበረ። ስሕተትም ሠርተዋል፤ ማሽኑ ሲሳፈሩ ብቻ እንጂ ሲወርዱ ስለማያነብ መንገዱን ግማሽ የሄደ ሰው የሙሉውን ይከፍል ነበር፤ ሕዝቡም ለዓመታት አማሯል። ካርዱን ግን ሕዝቡ አልጣለውም። ሌጎስ ውስጥም ካውሪ የተባለችው ካርድ የሠራችው በልዩ መስመር በሚሄዱት አውቶቡሶችና በ2023 በተከፈተው ባቡር ላይ ነው፤ ዳንፎ የሚባሉት ቢጫ ሚኒባሶች በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ቀጥለዋል። ሴኡልም ቲመኒን ያስገባችው ከታሪፉ የሚሰበሰበውን ገንዘብ አንድ ላይ አድርጋ ኩባንያዎቹን ባሽከረከሩት ኪሎ ሜትር መክፈል በጀመረችበት ማሻሻያ ውስጥ ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባ አንድ ከተማ አይደለችም፤ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ናት። የከተማው አውቶቡስና ቀላል ባቡሩ አንድ ወገን ናቸው፤ ትኬት ቆራጩ ደመወዝተኛ ነው፣ የቀኑን ሽያጭ ያስረክባል፣ ገንዘቡ ወደ ድርጅቱ ካዝና ይገባል። እዚህ ካርዱ የማንንም የቀን እንጀራ በአንድ ሌሊት አይነካም፣ ለማስተላለፊያ ቅናሽ የሚያስፈልገው ሁሉም ነገር አለ፤ ኪጋሊ ያለፈችበት መንገድ ነው። ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ግን ናይሮቢ ነው። ጸሐፊው እነዚህን ሁለቱን ቀላቅለው በአንድ ፍርድ ጥለዋቸዋል፤ ካርዱን የሚደግፉ ብዙ ሰዎችም ያንኑ ስሕተት በተቃራኒው ይሠራሉ። ሚኒባሱ ላይ ማንበቢያ ከመለጠፉ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሾፌሩ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገቢ በደመወዝ ይተካል ወይስ አይተካም የሚለው ነው። ያ ረጅም ጽሑፍ ስለ ኔትወርክ ስድስት አንቀጽ አለው፤ ስለ ገቢ አንድም ዓረፍተ ነገር የለውም።